የወተት ጥርስ መቦርቦር ምንድን ነው?

ስድስት ዓመት ካልሞላው ልጅ የወተት ጥርሶች መካከል አንዱ እንኳ ከተቦረቦረ፣ በመቦርቦር ሰበብ ከተነቀለ ወይም ከተሞላ፣ የጥርስ ሐኪሞች ሁኔታውን የለጋ ዕድሜ የጥርስ መቦርቦር ይሉታል። ከዚህ ትርጓሜ ውስጥ በቀላሉ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፤ «የተቦረቦረ» ተብሎ የሚቆጠረው ቀዳዳ ያበጀው ጥርስ ብቻ ሳይሆን፣ ላዩ ድፍን ሆኖ ማዕድኑ መሟጠጥ የጀመረውም ጭምር ነው። «መቦርቦር» የሚለው ቃል ራሱ በዚህ ረገድ ያሳስታል፤ ሰሚው ቀዳዳ እስኪያይ ድረስ ችግር የለም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋልና። ቀዳዳው ግን የሕመሙ መጀመሪያ ሳይሆን ወራት የፈጀ ሂደት ውጤት ነው።

ሂደቱ የሚካሄደው በጥርስ ላይ በሚጋገረው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ነው። በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይም ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የተባለው ዝርያ፣ ከምግብና ከመጠጥ የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ። በጥርሱ ገጽ ላይ ያለው ፒኤች፣ ማለትም ሲወርድ አሲድ መብዛቱን የሚያሳየው መለኪያ፣ ከ5.5 ገደማ በታች ሲሆን፣ የጥርሱ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን ማለትም ኢናሜል የተሠራበት ካልሲየምና ፎስፌት እየሟሟ መውጣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ምራቅ አሲዱን እያለዘበ፣ በውስጡ የያዘውን ማዕድን መልሶ ለጥርሱ ይሰጣል፤ ለዚህ ግን ግማሽ ሰዓትና አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የማንኛውም ሰው ጥርስ በየቀኑ ማዕድን ያጣል፣ በየቀኑም ይተካል፤ ጥርስ የሚበላሸው የሚወጣው ከሚገባው እየበለጠ ሲሄድ ነው። የወተት ጥርስ ኢናሜል ከቋሚው ጥርስ ኢናሜል የሳሳ በመሆኑ፣ በሕፃን አፍ ውስጥ ይህ ኪሳራ ፈጥኖ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

የመጀመሪያው ምልክት በዓይን የሚታይ ነው። ልጁን ብርሃን ባለበት ቦታ አጋድሞ የላይኛውን ከንፈር ቀስ ብሎ ማንሣትና የፊት ጥርሶቹን በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። ጤናማ ጥርስ ሲደርቅም ያብለጨልጫል፤ ማዕድኑን ማጣት የጀመረው ጥርስ ግን ከድዱ ጠርዝ አጠገብ፣ ጠመኔ የተቀባ የሚመስል፣ ማብለጭለጩ የጠፋ ነጭ መስመር ይታይበታል። ይህ መስመር በወተት ወይም በምግብ ቅሪት የመጣ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ በተጠረገ ጊዜ ይለቅ ነበር፤ አይለቅም። ይሁንና በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ጥርስ ያለ መሰርሰሪያ ሊያገግም ይችላል። መስመሩ ወደ ቢጫነትና ወደ ቡናማነት ተለውጦ ገጹ ከተሰበረ በኋላ ግን ኢናሜሉ ራሱን መልሶ አይሠራም። በእኔ ግምት በወር አንድ ጊዜ ከንፈር አንሥቶ ማየት፣ ስለ ብሩሽ ዓይነት ከሚደረገው ረጅም ክርክር ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል።

ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን ጡጦ ሲጠባ ምላሱ የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ይሸፍናቸዋል፤ ከምላስ ሥር የሚመነጨው ምራቅም ያጥባቸዋል። የላይኞቹ ይህ ከለላ የላቸውም። ልጁ ጡጦ እንደያዘ እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ የምራቅ መጠን በእጅጉ ይቀንሳል፤ መዋጡም ይዘገያል፤ ጣፋጭ መጠጡ ወይም ወተቱም በጥርሱ ዙሪያ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ተበልተው የታችኞቹ ደህና መሆናቸውን ያየ ሐኪም ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ሌሊቱ ጡጦ መሆኑ ለዚህ ነው። ለመኝታ የሚሰጥ ጡጦ የግድ ካስፈለገ ውኃ ብቻ ይያዝ፤ አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላውም ልጁ በኩባያ መጠጣት ይልመድ።

በቀን ውስጥም ቢሆን ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል። ሁለት ልጆችን እናስብ፤ አንደኛው ከምሳው ጋር ጣፋጭ በልቶ ይጨርሳል፤ ሁለተኛው ከዚያ ያነሰ ስኳር ያለውን ጭማቂ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድ አንድ ጊዜ እየተጎነጨ ያሳልፋል። የመጀመሪያው ልጅ ጥርስ አንድ ጊዜ ተጠቅቶ ምራቁ የማገገሚያ ሰዓታት ያገኛል፤ የሁለተኛው ግን ፒኤቹ ሊመለስ ሲል እንደገና ይወርዳል። በመሆኑም ጣፋጭ ነገር ቢሰጥ ከዋና ምግብ ጋር መሆን አለበት፤ በምግብ መካከል ለሚመጣ ጥም የሚበጀውም ውኃ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ ጣፋጭ ሽሮፕ መድኃኒቶችም እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ፤ ወላጆች መድኃኒትን እንደ ስኳር ምንጭ ስለማያዩት ብዙ ጊዜ ይረሳሉ።

የመከላከያው ሌላኛው ክንድ ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ የወጣው ማዕድን ወደ ኢናሜሉ እንዲመለስ ያግዛል፤ በእርሱ ፊት ዳግም የተገነባው ኢናሜልም አሲድን ከቀድሞው በተሻለ ይቋቋማል። የመጀመሪያው ጥርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር አካባቢ፣ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት ሆኖ፣ በጥርስ ሳሙና መቦረሽ ይገባል። በሳሙናው ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው የፍሎራይድ መጠን ቢያንስ ከሚሊዮን 1,000 ክፍል (1,000 ppm) መሆን አለበት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው ደግሞ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች፤ ከዚህ በላይ የሆነውን እየደጋገመ የሚውጥ ልጅ ወደፊት በሚወጡት ቋሚ ጥርሶቹ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሊያመጣበት ይችላል። ልጁ ትርፉን ይትፋ እንጂ አፉን በውኃ አይጉመጥመጥ፤ ጥርሱ ላይ የቀረችው ጥቂት ፍሎራይድ ሥራዋን የምትሠራው ከዚያ በኋላ ነውና። ብሩሹን ልጁ ቢይዝም፣ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ በደንብ የሚያጸዳለት አዋቂ ነው፤ ጭንቅላቱን ጭን ላይ አስደግፎ ከበላዩ ሆኖ መቦረሽ የኋላዎቹን መንጋጋዎች ያሳያል። እርስ በርስ የተነካኩትን መንጋጋዎች ግን ብሩሽ በመካከላቸው ስለማይገባ የጥርስ ክር ያስፈልጋቸዋል።

ከቤት ውጭ ያለውን ድጋፍ በተመለከተ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው ልጁን ለጥርስ ባለሙያ ማሳየት ይመከራል። ባለሙያው 5 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለውን ቅብ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ጥርሱ ላይ ሊቀባ ይችላል፤ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፣ አያምምም። ቀዳዳ ከተፈጠረ በኋላ መበላሸቱን የሚገታ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል። የተጎዳውን ቦታ በቋሚነት ስለሚያጠቁረው ወላጆች አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

«ለማንኛውም ይወልቅ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የፊቶቹ በስድስትና በሰባት ዓመት ይወልቃሉ፤ የወተት መንጋጋዎቹ ግን እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ያገለግላሉ፣ ለተተኪዎቻቸውም ቦታ ይጠብቃሉ። ያለ ጊዜው የተነቀለ መንጋጋ የተወውን ክፍተት ጎረቤቶቹ እየተጠጉ ይዘጉታል። በተጨማሪም የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በስድስት ዓመት ገደማ የሚወጣው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅለት ነው፤ ብዙ ወላጆችም ዕድሜ ልክ የሚያገለግለውን ይህን ጥርስ ከሚወልቁት እንደ አንዱ ቆጥረው ሳይቦርሹት ይቀራሉ።