ለ10 ሳንቲም የተወለደ ስሙኒ አይሆንም

ሆላንዶች «ዊ ፎር ኧን ዱበልቸ ኸቦረን ኢስ፣ ዎርት ኖይት ኧን ክዋርትቸ» ይላሉ። ዱበልቸ በድሮ ገንዘባቸው በጉልደን ዘመን 10 ሳንቲም ነበረች። ክዋርትቸ 25፣ ያው የኛዋ ስሙኒ። ድሃ ሆኖ የተወለደ ድሃ ሆኖ ይቀራል ማለታቸው ነው። አንዳንዱ ሆድ ሲብሰው ስለ ራሱ ይለዋል። ቀና ማለት የጀመረን ሰው ለመኮርኮም የሚለውም አለ፤ እሱ ነው የሚያናድደው።

ስሞቹ ታሪክ አላቸው። በ1816 እ.ኤ.አ. ሕጉ ተቀይሮ ጉልደን በ100 ሳንቲም እስኪከፈል ድረስ አንድ ጉልደን 20 ስታይቨር ነበር። ሁለት ስታይቨር የምታወጣው ሳንቲም «እጥፏ» ተባለች፤ ዱበልቸ ማለት ይኸው ነው። ክዋርትቸ ደግሞ የጉልደን ሩብ ናት። መጨረሻ ላይ ያለችው «ቸ» ማሳነሻ ነች። እኛ ትንሽን ነገር «ናት» እያልን በሴት እንደምንጠራው መሆኑ ነው።

ደች (የሆላንዶችን ቋንቋ) ለሚማር አበሻ ይቺ አባባል ጥሩ መለማመጃ ናት። «ኢስ» (ነው) ከ«ኸቦረን» (የተወለደ) ኋላ መጥታለች። በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ግሥ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፣ ልክ እንደ አማርኛ። ሐረጉ በሙሉ እንደ አንድ ቃል የመጀመሪያውን ቦታ ይይዛል። ሁለተኛው ቦታ የዋናው ግሥ ስለሆነ «ዎርት» (ይሆናል) ወዲያው ይከተላል። ስለዚህ ሁለት ግሦች ጎን ለጎን ይገጥማሉ። «ኖይት» (በፍጹም) ከግሡ በፊት ካስገባችሁ ተበላሸ።

ቁጥሩ ላይማ ቤታችን ነን። እኛ «አምስት ብር»፣ «ሦስት ኪሎ» እንላለን እንጂ «ብሮች»፣ «ኪሎዎች» አንልም። እነሱም «ፋይፍ ጉልደን»፣ «ድሪ ኪሎ» ነው የሚሉት። «አንድ ኪሎ ድንች» ሲሉም «የ» የሚሆን ቃል መሃል አያስገቡም። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ስትቆጥሩ ግን ብዜት ይመጣል፦ «ፊር ክዋርትቸስ»፣ አራት ስሙኒዎች። ዋጋው አንድ ጉልደን ነው።

ጉልደን በ2002 እ.ኤ.አ. ለዩሮ ቦታውን ለቀቀ። የዩሮዋን 10 ሳንቲም ዛሬም ዱበልቸ ይሏታል። ዩሮ ግን ባለ 25 ሳንቲም የለውም፣ ባለ 20 እንጂ። ዱበልቸ ክዋርትቸ ልሁን ብትል እንኳ አሁን የምትሆነው ክዋርትቸ የለም።