የሜካኒካል ሲል ማቀዝቀዣ መስመር ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ውስጥ በማቅለሚያ ክፍልም ይሁን በቦይለር ቤት ሙቅ ውሃ የሚገፋ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ባለበት አንድ የተለመደ ነገር አለ። የፓምፑ ሜካኒካል ሲል ማንጠባጠብ ሲጀምር ይፈታል፣ አዲስ ይገባል፣ ብዙም ሳይቆይ ያው ይደገማል። «ዕቃው ጥራት የለውም» ይባላል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። በሙቅ ውሃ ፓምፕ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሮጌውን ሲል የጨረሰው ሙቀት ነው፤ አዲሱም የሚገባው እዚያው ሙቀት ውስጥ ነው።

ሜካኒካል ሲል ሻፍቱ (የሚዞረው ዘንግ) ከፓምፑ በሚወጣበት ቦታ ፈሳሹን የሚያግድ ክፍል ነው። ሁለት ቀለበቶች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ አንዱ ከሻፍቱ ጋር ይዞራል፣ ሌላው ሽፋኑ ላይ እንደቆመ ይቀራል። አንደኛው ብዙ ጊዜ ካርቦን፣ ሌላው ሴራሚክ ወይም ሲሊከን ካርባይድ ነው። ሞላ (ስፕሪንግ) ያጣብቃቸዋል፣ የቀረውን ክፍተት ኦሪንግ የሚባል የጎማ ቀለበት ይዘጋል። ሁለቱ ፊቶች ግን በደረቁ መፋተግ የለባቸውም። በመካከላቸው አንድ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ የሚሆን ስስ የፈሳሽ ንጣፍ አለ፤ የሚያለሰልሳቸውም የሚያቀዘቅዛቸውም እሱ ነው። ንጣፉ ከተነነ ሲሉ ብዙ አይቆይም።

ማቀዝቀዣ መስመር የሚባለው ያ ንጣፍ እንዳይተን በቂ፣ ንጹህና ቀዝቀዝ ያለ ፈሳሽ ወደ ሲሉ ክፍል የሚያደርሰው ቀጭን ቧንቧ ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ያወጣው ኤፒአይ 682 የተባለው የሲል መስፈርት ለየአሠራሩ «ፕላን» የሚል ቁጥር ሰጥቷል። ፕላን 11 ቀላሉ ነው፦ ከፓምፑ መውጫ ተጠልፎ በጠባብ ቀዳዳ በኩል ወደ ሲሉ ይገባል። ቀዳዳው ከ3 ሚሊሜትር እንዲያንስ አይመከርም፤ ቶሎ ይደፈናል። «ውሃ ይብዛለት» ብሎ ቀዳዳውን አውጥቶ መጣልም ጥፋት ነው፤ በኃይል የሚመታው ውሃ ካርቦኑን ይበላዋል። የጨርቅ ብናኝ ያለበት ውሃ ላይ ደግሞ ፕላን 11 ቆሻሻውን እየቀዳ ወደ ሲሉ ያደርሳል። እዚያ የሚሻለው ፕላን 32 ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ንጹህ ውሃ፣ ግፊቱ ከሲሉ ክፍል ግፊት በ1 ባር ያህል የሚበልጥ።

ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ ውሃ የማለስለስ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ኩለር፣ ማለትም ውሃውን የሚያቀዘቅዝ ዕቃ፣ ይፈልጋል። ፕላን 21 ከመውጫው የሚመጣውን ትኩስ ውሃ ባለማቋረጥ በኩለር ያሳልፋል፤ ኩለሩ ሁልጊዜ አዲስ ሙቀት ይሸከማል። ፕላን 23 ግን በሲሉ ክፍል ውስጥ ያለውን ያንኑ ውሃ፣ ሻፍቱ ላይ ባለች ትንሽ ገፊ ቀለበት አማካይነት ያዞረዋል። ሸክሙ ቀላል ነው፣ ኩለሩም ቶሎ አይደፈንም። ለሙቅ ውሃ ምርጫ ካለ 23ን መምረጥ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ከፍታ አለ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ጋን ውስጥ ያለ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ደሴ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ 92 አካባቢ። የአየሩ ግፊት ራሱ ኮምቦልቻ ላይ 81 ኪሎፓስካል ያህል እንጂ በባሕር ጠረፍ እንዳለው 101 አይደለም። 85 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የትነት ግፊቱ (ግፊቱ ከዚያ ሲወርድ ውሃው የሚፈላበት) 58 ኪሎፓስካል ስለሆነ፣ እንዳይፈላ የሚይዘው ትርፍ ግፊት በባሕር ጠረፍ ከነበረው 43 እዚህ ወደ 23 ይወርዳል። የፓምፑ መመሪያ በባሕር ጠረፍ ስሌት ከተጻፈ፣ እዚያ ደህና የሚሠራው ፓምፕ እዚህ መምጠጫው ላይ ሊያጉረመርም፣ ሲሉ ላይም ሊተን ይችላል። ጋኑን ከፍ ማድረግ ወይም የመምጠጫውን ቧንቧ ማስፋት ሲል ከመቀየር ይልቅ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

የተፈታውን ሲል ሳትጥሉ ብርሃን ላይ እዩት። የካርቦኑ ጠርዝ ተሸራርፎ ከሆነ፣ ፓምፑም ሲሠራ ፍስ ፍስ እያለ እንፋሎት ይተፋ ከነበረ፣ ውሃው ፊቶቹ መካከል እየፈላ ነበር። ጠንካራው ቀለበት ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱ ፀጉር መሳይ ስንጥቆች ካሉ ደርቆ ሠርቷል፣ ወይም በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ደርሶበታል። ኦሪንጉ ደርቆ ሲታጠፍ ከተሰበረ ሙቀት ነው፤ ካበጠና ከለሰለሰ ግን ጎማው ለዚያ ፈሳሽ አይሆንም። የመፋተጊያው አሻራ ከካርቦኑ ፊት ከሰፋ ሲሉን ተዉትና ኩሽኔታውንና ሻፍቱን መርምሩ፤ ዳያል በሚባለው ባለመርፌ መለኪያ ሲለካ የሻፍቱ መዋለል ከ0.05 ሚሊሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ፓምፑ ቆሞም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ኦሪንጉን ወይም የተጎዳ ፊትን ጠርጥሩ።

ኩለሩን ለመመርመር ከርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ይበቃል። ከሲሉ የሚወጣውና ወደ ሲሉ የሚመለሰው ቧንቧ እኩል ከሞቁ ወይ ማቀዝቀዣው ውሃ የለም፣ ወይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ቅርፊት ኩለሩን ሸፍኖታል፤ በሲትሪክ አሲድ ይታጠባል። ፓምፑ እየሞቀ ሁለቱም ቧንቧዎች ከቀዘቀዙ ደግሞ ውሃው እየዞረ አይደለም፤ አየር ታስሯል። በፕላን 23 ኩለሩ ከሻፍቱ ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ከላይኛው ነጥብ አየር ማስወጫ ይኑረው፣ ቧንቧውም ድንገተኛ እጥፋት አይብዛበት።

ሲገጠም የሚበላሸውም ቀላል አይደለም። ሙቅ ውሃ ላይ የሚገባው ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ የተሠራ ኦሪንግ በማዕድን ዘይት ወይም በተራ ግሪስ ሲቀባ ያብጣል፤ በሳሙና ውሃ ወይም በሲሊከን ግሪስ ነው የሚገባው። ፊቶቹን በጣት አትንኩ። ሞተሩን ከማስነሳት በፊት ፓምፑ ይሞላ፣ የሲሉ ክፍል አየር ይውጣ፣ የኩለሩ ውሃ ይከፈት። ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ትኩስ እስከሆነ ድረስ የኩለሩ ውሃ አይዘጋ።