ፉለሪን ምንድን ነው?

የደቻቱ ወንዝ ውሃ በሌለው ጊዜ አሸዋው ለድሬ ልጆች የኳስ ሜዳ ነው። አንድ ቀን ስፌቱ የተተረተረ ኳስ ይዘው ጫማ ሰፊ ጋ ሲመጡ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ቁራጮቹን ቆጠርኳቸው። ጥቁሮቹ ባለ አምስት ጎን ናቸው፣ 12። ነጮቹ ባለ ስድስት ጎን፣ 20።

አሁን ሦስት ቁራጮች የሚገናኙበትን ጥግ ልብ በሉ። አንዱ ሁሌም ጥቁር ነው፣ ሁለቱ ነጭ። ስለዚህ 12 በ5 ሲባዛ ኳሱ 60 ጥግ አለው። በየጥጉ አንድ የካርቦን አተም አስቀምጡ። ዋነኛው ፉለሪን ይሄ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ስፋቱ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ እንኳን የማይሞላ ሞለኪውል። ባለ 70 አተም ዘመድም አለው።

ካርቦን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ከሰሉም፣ ድስት ቂጥ ላይ የሚለጠፈው ጥቀርሻም አብዛኛው እሱ ነው። እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ደግሞ ባለ ስድስት ጎን ብቻ እየሠራ እንደ ወለል ንጣፍ ይዘረጋል። ንጣፉን የሚያጎብጠው ባለ አምስት ጎኑ ነው። ኳሱ እንዲዘጋ 12 ያስፈልጋሉ። በ11 አይዘጋም። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሃሮልድ ክሮቶ፣ ሮበርት ከርልና ሪቻርድ ስሞሊ አሜሪካ፣ ሂዩስተን፣ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሄሊየም ባለበት ግራፋይትን በሌዘር መቱ። ከተነነው ውስጥ 60 አተም ያለው ነጥሮ ወጣ። ቅርጹን ያየ የለም፤ ከቁጥሩ ተነስተው ነው ኳስ መሆን አለበት ያሉት። ስሙንም ጉልላት ይሠራ ከነበረው አርክቴክት ከባክሚንስተር ፉለር ወሰዱ።

ማረጋገጫው በ1990 መጣ። ክሬችመርና ሃፍማን የሚባሉ ፊዚሲስቶች የግራፋይት ዘንጎችን በኤሌክትሪክ እያጋሉ አተነኑና ጥቀርሻውን ሰበሰቡ። ከጥቀርሻው የወጣው ፉለሪን ቶሉይን በሚባል ፈሳሽ ሲሟሟ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል። በመግነጢስ ሲመረመር 60ውም አተሞች አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ሰጡ። ጥጎቹን ታስታውሳላችሁ? በየጥጉ አንድ ጥቁር፣ ሁለት ነጭ፤ አንዱ ካንዱ አይለይም። ክሮቶ፣ ከርልና ስሞሊ በ1996 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

በ2002 ደግሞ ኬሚስቶች ከጥቀርሻ መልቀሙን ትተው ራሳቸው ገነቡት። መጀመሪያ 60ውንም ካርቦን የያዘ፣ እንደተተረተረው ኳስ የተዘረጋ ሞለኪውል ሠሩ። ከዚያ 1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያግሉት ተጠቅልሎ ራሱን ዘጋ።