የክንድ መዞር ጉድለትና የቀዶ ሕክምና እርማቱ

የክንድ መዞር ጉድለት የሚባለው አንድ ሰው መዳፉን ወደ ላይ መዘርጋት ወይም ወደ ታች መድፋት ሲቸግረው፣ አንዳንዴም እጁ በአንድ አቅጣጫ ተቆልፎ ሲቀር ነው። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ባለው የክንድ ክፍል ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና ብዙም አይነቃነቅም፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው ሬዲየስ ግን መዳፍ በተደፋ ቁጥር በላዩ ተሻግሮ ይዞራል። ይህን ለማድረግ የሚያስችለው በተፈጥሮው እንደ ደጋን በመጠኑ የጎበጠ መሆኑ ስለሆነ፣ ጉብጠቱ ሲጠፋ ወይም ከሁለቱ አንዱ ተጠምዝዞ ሲገጥም እንቅስቃሴው ይገታል።

ጤነኛ ክንድ በሁለቱም አቅጣጫ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ተመራማሪዎቹ እነ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ለአብዛኛው የዕለት ተዕለት ተግባር በየአቅጣጫው 50 ዲግሪ ያህል እንደሚበቃ አሳይተዋል። ትከሻም ጉድለቱን ስለሚያካክስ፣ መዳፉን መድፋት ያቃተው ሰው ክርኑን ከጎኑ ገለል አድርጎ ያንኑ ሥራ ይሠራል። መዳፍን ወደ ላይ ለመዘርጋት ግን ትከሻ የሚሰጠው እርዳታ አነስተኛ ነው። በእጁ ሳንቲም ሲሰጠው መዳፉን መዘርጋት አቅቶት በጣቶቹ ጫፍ የሚለቅም ልጅ ችግሩ ሳይታወቅለት ለዓመታት ሊቆይ የሚችለውም ሌላው ሰውነቱ ስለሚሸፍንለት ነው።

ከመንስኤዎቹ ዋነኛው በትክክል ያልገጠመ ስብራት ነው። የልጅ አጥንት ጎብጦ ቢገጥም እያደገ ሲሄድ ራሱን የማቅናት ችሎታ አለው፤ ጥምዘዛን ግን እድገት በአመዛኙ አያስተካክለውም። ሁለተኛው መንስኤ ሬዲየስና አልና በጽንስ ጊዜ ሳይለያዩ በክርን አጠገብ ተጣብቀው መቅረታቸው ሲሆን፣ እጁ አብዛኛውን ጊዜ እንደተደፋ ይቀራል። ሦስተኛው በወሊድ ጊዜ ከአንገት ወደ ክንድ በሚወርዱ ነርቮች ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። መዳፍን የሚደፉት ጡንቻዎች ሲደክሙ ያልተጎዳው ባይሴፕስ (በላይኛው ክንድ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ) ብቻውን ይስብና እጁ ወደ ላይ እንደተዘረጋ ይደርቃል። ክንዱ በሰው እጅ ሲዞር እሺ የሚል ከሆነ፣ አርጀንቲናዊው ሐኪም ዛንኮሊ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳቀረበው የባይሴፕስን ጅማት ሬዲየስን በሌላው በኩል እንዲዞር አድርጎ መስፋት ጡንቻውን መዳፍ ደፊ ያደርገዋል። ከደረቀ ግን አጥንት መቁረጥ ግድ ይሆናል።

ምርመራው ቀላል ነው። ታካሚው ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፎ ከጎኑ ያስጠጋል፣ እርሳስ ይጨብጣል፤ እርሳሱ ከቀጥታው መስመር ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ ይለካል። ከዚያ ሁለቱም ክንዶች በሲቲ ስካን ይነሡና ጤነኛው ለታመመው መለኪያ ይሆናል።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሐኪሙ ሊቆርጥ ካሰበበት ቦታ በላይና በታች ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ወደ አጥንቱ ያስገባል። አጥንቱ እንዳይቃጠል ውኃ እየፈሰሰበት በመጋዝ ይቆረጣል፤ የታችኛው ክፍል ሲዞር በሽቦዎቹ መካከል ያለው ማዕዘን እርማቱ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ በዓይን ያሳያል። ከዚያ አጥንቱ በፕሌት (በጠፍጣፋ ብረት) እና በብሎን ይታሰራል፤ በትንንሽ ልጆች ሽቦና ጄሶ ሊበቃ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚስተው ነገር አለ። ጠማማ ሆኖ የገጠመ ስብራት ሲቃና የጠፋው እንቅስቃሴ ሊመለስ ይችላል። ተጣብቀው በተፈጠሩ አጥንቶች ላይ ግን ቀዶ ሕክምናው አዲስ እንቅስቃሴ አይፈጥርም፤ የተቆለፈውን እጅ ወደሚጠቅም አቅጣጫ ያዞረዋል እንጂ። አጥንቶቹን ለማለያየት የተደረጉ ሙከራዎች በአብዛኛው ተመልሰው በመጣበቅ አልቀዋል። ስለዚህ ከአቆራረጡ ይልቅ እጁ በየትኛው ማዕዘን ይቁም የሚለው ውሳኔ ይከብዳል። ብዙ ሐኪሞች ታካሚው የሚጽፍበትን እጅ በመጠኑ ደፋ ብሎ፣ ሌላውን ደግሞ ቀጥ ብሎ ወይም ትንሽ ተዘርግቶ እንዲቆም ይመርጣሉ።

ከአደጋዎቹ አስፈሪው በክንዱ ውስጥ ግፊት ጨምሮ ለጡንቻና ለነርቭ የሚደርሰውን ደም ማፈኑ ነው። በተለይ በአንድ ጊዜ ብዙ ዲግሪ ሲዞር ስለሚያሰጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጣቶቹ ይፈተሻሉ፤ በማስታገሻ የማይበርድና ጣት ሲዘረጋ የሚብስ ሕመም አፋጣኝ ምላሽ ይፈልጋል። በሬዲየስ አናት አጠገብ የሚያልፈው፣ ጣቶችን የሚዘረጋው ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። አጥንቱ ለመግጠም በልጆች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ በአዋቂዎች ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል። ፕሌቱ ኋላ ላይ ከወጣ ደግሞ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች እስኪሞሉ አጥንቱ እንደገና ሊሰበር ስለሚችል ክንዱ ለተወሰኑ ወራት ከከባድ ሸክምና ከግጥሚያ ስፖርት ይጠበቃል።