ላባ መንጨት ምንድን ነው? ሁልጊዜ ጥል አይደለም

ሰሞኑንም ሰማሁት። አንድ ሰው ዜብራ ፊንች የምትባለው ትንሽ የኬጅ ወፉ ማጅራቷ ተመልጦበት ግራ ገብቶት ይጠይቃል። አንዱ ፈጠን ብሎ «ተጣልተዋል፤ ወንዱን ሽጥና ሌላ አምጣላት» አለው። ሌላው ደግሞ «ጭንቀት ነው፤ ራሷን እየነጨች ነው» አለ። ሁለቱም ወፏን ሳያዩ ፈረዱ።

ከሁለተኛው ልጀምር። መላጣ እስኪሆን ራሱን በመንጨት የሚታወቀው በቀቀን ነው። ፊንች ላይ ይህ እምብዛም አይታይም። ደግሞስ የገዛ ማጅራቷን በየትኛው መንቁሯ ትደርስበታለች? ደረቷ ቢሆን እሺ፣ እንነጋገር። አናትና ማጅራት ከተመለጠ ግን ወይ ሌላ ወፍ ነጭቷታል፣ ወይ ተባይ ወይም በሽታ አለባት።

አሁን ወደ «ተጣልተዋል» እንምጣ። የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ሹሩባ የምትሠራ እህት ጠላት አይደለችም። ታናሿ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰጣታለች። ፊንችም እንደዚያው ናት። አንገቷን ቀና፣ ላባዋን ነፋ አድርጋ ለአጋሯ ትሰጣለች፤ እሱም ራሷ የማትደርስበትን ቦታ ያበጥርላታል። ግን እጇ የሚከብድ ሹሩባ ሠሪም አለች። አጥብቃ ስትጎነጉን የግንባር ፀጉር ይነቀላል። ታናሿ «ኧረ ቀስ!» ትላለች፤ ካልሰማቻት ተነሥታ ትሄዳለች። ጠባብ ኬጅ ውስጥ ያለችው ፊንች ግን የት ትሂድ? ሌላ ሥራ ያጣ አጋር ቀኑን ሙሉ እዚያው ቦታ ላይ ይመላለሳል። አንድ ነገር ግን ይለያል፤ ሹሩባ ሠሪ በነቀለችው ፀጉር ቤት አትሠራም። ፊንች ይሠራል።

ስለዚህ ወንበር ሳቡና አንድ ሰዓት ተመልከቱ። የነጨውን ላባ ምን ያደርገዋል? በመንቁሩ ይዞ ወደ ጎጆው ከገባ፣ የጎጆ መሥሪያ አጥቷል ማለት ነው። ለስላሳ ደረቅ ሳር ስጡት። ክርና ጥጥ አትስጡ፤ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል። እንቁላል ከተጣለ በኋላ ደግሞ ሳሩን አቁሙ። ካላቆማችሁ እንቁላሉን በሳር ሸፍነው እላዩ ላይ ሌላ ይጥላሉ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ላባውን የሚበላው ከሆነ ምግቡን ፈትሹ። ላባ ራሱ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ የእህል ፍሬ ብቻ ደግሞ ለፊንች አይበቃም። የተቀቀለ እንቁላል ፈጭታችሁ ጨምሩ። የተረፈውን በዚያው ቀን አንሡ፤ ሙቀት ቶሎ ያበላሸዋል።

የተነጨው ጎጆ የለቀቀ ጫጩት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ወላጆቹ ሌላ እንቁላል ለመጣል ተቻኩለዋል። ጫጩቱን ከኬጁ አታውጡት፤ ገና ራሱን አይመግብም። በሽቦ ከልሉት፤ አባቱ በሽቦው በኩል ያጎርሰዋል። ማጉረሱን ግን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

እውነተኛ ጥልም አለ። እያሳደደ ከማረፊያ እንጨት የሚጥላት፣ ከምግብ የሚከለክላት ከሆነ፣ ወይም ደም ካያችሁ ዛሬውኑ ለዩአቸው። ቁስል ሌላ መንቁር ይጠራል። ግን መለየት ማለት መሸጥ አይደለም። ዜብራ ፊንች ከአጋሩ ጋር አጥብቆ የሚተሳሰር ወፍ ነው። እየተያዩና ድምፃቸውን እየሰሙ በሽቦ ይለዩ። ኬጁን አስፉ፤ መታጠቢያ ውሃ አስገቡ፤ ማረፊያ ጨምሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አይናችሁን ሳትነቅሉ አገናኙአቸው። አዲስ ወንድ እዚያው ጠባብ ኬጅ ውስጥ ብታስገቡ፣ በወሩ ያው መላጣ ማጅራት ነው የምታዩት።

መቼም የእንስሳት ሐኪም ነኝና ሳልጠየቅ ልጨምር፦ መላጣው ላይ ቅባት አትቀቡ። ላባ ላይ ይለጠፋል፤ ስታበጥረውም ትውጠዋለች። ማታ ኬጁ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። ጠዋት ቀያይ ነጥቦች ሲንቀሳቀሱበት ካያችሁ ሌሊት ደም የሚመጥ ተባይ አለ፤ ያን ጊዜ ባልየው ያለ ጥፋቱ ተወንጅሏል።

መንጨቱ ከቆመና ሥሩ ካልተጎዳ ላባው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚታየው እንደ መርፌ የሾለ፣ በስስ ቅርፊት የተሸፈነ ነገር ነው። ውስጡ ደም አለበት። አትንኩት።