ጎኖፖድ ምንድን ነው?

ክረምት ገብቶ መሬቱ ሲረጥብ ከድንጋይ ስር ብቅ የሚለውን፣ ነካ ሲያደርጉት ጥቅልል የሚለውን ሺ እግር የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ስሙ ትንሽ ጉራ አለበት። አብዛኞቹ ዝርያዎች ጥቂት መቶ እግር ቢኖራቸው ነው። ሺህን በእውነት ያለፈው ለዓለም የተዋወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ፣ 60 ሜትር ያህል ከመሬት በታች የተገኘች አንዲት ሴት 1,306 እግር ተቆጠረላት።

ሺ እግር የሚያጠኑ ሰዎች ግን እግር የሚቆጥሩት ለሌላ ጉዳይ ነው። የሚፈልጉት እግር መሆኑን የተወ እግር ነው።

አንዱን ገልብጣችሁ በማጉያ መነጽር ከራሱ ጀምራችሁ ቀለበቶቹን ቁጠሩ። የመጀመሪያው እንደ አንገትጌ ያለ ነው፤ እግር የለውም። ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ አንድ አንድ ጥንድ አላቸው። ከአምስተኛው ጀምሮ በየቀለበቱ ሁለት ሁለት ጥንድ ይሆናል። ሰባተኛው ላይ ስትደርሱ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ከሆነ፣ ቆጠራው ይበላሻል። በአብዛኞቹ ቡድኖች እዚያ ካሉት ሁለት ጥንዶች አንዱ፣ አንዳንዴም ሁለቱም፣ መራመጃ አይደሉም። ተቆልምመው፣ መንጠቆ ወይም ማንኪያ መሳይ ነገር አውጥተው ታገኟቸዋላችሁ። ጎኖፖድ ማለት ይሄ ነው።

ሥራው ዘር ማቀበል ነው። የወንዱ ዘር የሚወጣው ከፊት፣ ከሁለተኛው ጥንድ እግር አካባቢ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጎኖፖዱን ዘር ያስይዘዋል፣ ከዚያ በእሱ ለሴቷ ያቀብላል። ቅርጹ ታዲያ በየዝርያው ይለያያል። በቀለምም በመጠንም ቁርጥ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሺ እግሮች፣ ጎኖፖዳቸው ሲታይ ጭራሽ የማይገናኙ ሊሆኑ ይችላሉ። እስካሁን ስም የወጣላቸው 12,000 ገደማ ዝርያዎች በአብዛኛው የተለዩት በዚህ ነው። በትንንሾቹ ላይ ጎኖፖዱ የጤፍ ፍሬ ቢያክል ነው። እሱን በመርፌ ነቅሎ ማይክሮስኮፕ ስር እያገላበጡ መሣል የጤና አይመስልም፤ ግን ሥራው እሱ ነው።

የትኛው ዝርያ የት እንደሚኖር የሚያሳየው ካርታም የሚወጣው ከዚሁ ነው። አንድ ነጥብ ለማስቀመጥ የተገኘበት ቦታ ከነጂፒኤሱ፣ ቀኑ፣ እና ወንድ ያስፈልጋል። ሴትና ለጋ ብቻ ከተገኘ ዝርያው ብዙ ጊዜ በቅርጽ አይለይም፤ ዛሬ ዛሬ ዲኤንኤ ያግዛል። ስለዚህ የሺ እግር ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ስታዩ «እዚያ የለም» ለማለት አትቸኩሉ። ማንም አልሄደ ይሆናል። የሄደውም በበጋ ሄዶ ይሆናል።

ተግቶ ሲለቀም ምን እንደሚታይ የአውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ ጥሩ ማሳያ ናት። ሮበርት ሜሲቦቭ የተባሉ ተመራማሪ የደሴቲቱን ሺ እግሮች ሲለዩና ካርታ ላይ ሲያሰፍሩ ብዙ ዓመት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ስም ካወጡላቸው መካከል ታዝማኒኦሶማ ኮምፒታሌ እና ታዝማኒኦሶማ ሂክማኖረም ይገኛሉ። ሁለቱም በሰሜን ምዕራብ፣ በረገፈ ቅጠል ውስጥ የሚኖሩ ትንንሾች ናቸው። ነጥቡ ሲጠራቀም ግዛታቸው ጎን ለጎን ሆኖ ተገኘ። በዚህ በኩል አንዱ፣ በዚያ በኩል ሌላው። ሳይንሱ ፓራፓትሪ ይለዋል፤ ለእኔ ግን የገበሬው «ኩታ ገጠም» ይበልጥ ይገልጸዋል።

የሚገርመው ወሰኑ ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል፤ የወንዝ ተፋሰሶችን ያቋርጣል፤ አለቱ ሲቀየር እሱ አይቀየርም። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ወንዙም ተራራውም አጥር አልሆነም። የማን ግዛት ውስጥ እንደቆማችሁ ለማወቅ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ አንድ ወንድ መፈለግ፣ ከዚያ ሰባተኛውን ቀለበት ማየት ነው።