ጎርጎራን በእግር፦ ስለ ጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ጎንደር ውስጥ «ጣና ልሄድ ነው» ያለ ሰው «ባሕር ዳር ስንት ቀን ትቆያለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሐይቁ የባሕር ዳር ብቻ የሆነው በወሬ ነው። ከጎንደር በስተደቡብ፣ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ የደምቢያን ሜዳ የሚሰነጥቀው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጎርጎራ ላይ ውኃውን ያገኛል። ስለዚህ ዳርቻና ስለ ጥንታዊው መንደር የሚነገሩት ሌሎች ስህተቶችም አብዛኛዎቹ የሚመነጩት ከዚሁ ካለመሄድ ነው።

«ሐይቁን በእግር መዞር ይቻላል»

ለቅዳሜና እሑድ ያሰበ ሰው ይተወው። ጣና በርዝመቱ 84፣ በወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳርቻው እየገባ እየወጣ ይሄዳል፤ ረግረጉ ብዙ ነው፤ መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይ የሚገቡበት ቦታ ሁሉ መንገደኛን ያስቆማል። ምልክት ተተክሎለት ሐይቁን ዙሪያውን የሚያስኬድ መንገድም የለም። ጎርጎራ ላይ የእግር ጉዞ ማለት ከብት፣ ገበያተኛና ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ያቀናውን ጠባብ መንገድ ይዞ፣ ውኃውን በአንድ ወገን እያዩ ከአንዱ ልሳነ ምድር ወደ ሌላው መራመድ ነው። ከመንደሩ ሰው አንድ መንገድ መሪ መያዝ ደግሞ ለቅንጦት አይደለም፤ የማን ማሳ ጥግ እንደሚታለፍ፣ የትኛው ጭቃ እንደሚያሰጥም የሚያውቀው እሱ ነው።

«ጣና ጥልቀቱ አይታወቅም»

ይታወቃል። ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ለስፋቱ እጅግ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ይህ ለእግረኛው ትልቅ ትርጉም አለው። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ በበጋ ውኃው በቁመት ጥቂት ሲወርድ በአግድም ብዙ መሬት ይለቃል፤ ገበሬውም እርጥበቱ ሳይሸሽ ሽምብራውንና ጓያውን ይዘራበታል። ስለዚህ በጥቅምት ውኃ የነበረበት ቦታ በየካቲት ማሳ ሆኖ ይጠብቃል። «አምና በዚህ በኩል ነው የሄድነው» የሚል ጓደኛ ካለ አይታመን። የደምቢያ ዋልካ አፈር በክረምት ጫማ ይነጥቃል፤ ለእግር የሚመቸው ከኅዳር በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

«የጎርጎራንም የጎንደርንም ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው፤ አንዳንድ አስጎብኚም ሳያፍር ይናገረዋል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ጎርጎራ ላይ ለንጉሡ ቤተ መንግሥት ያሠራው ኢየሱሳዊው (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል የሆነው) ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እስፔናዊ እንጂ ፖርቱጋላዊ አልነበረም። ተልእኮው በፖርቱጋል ነገሥታት ጥላ ሥር ስለነበረ ሁሉም «ፖርቱጋል» ተባለ። ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 አገራችን ገባ፣ በ1618 ከንጉሡ ጋር የአባይን ምንጭ፣ ግሽ አባይን፣ አየ፣ በ1622 እዚያው ጎርጎራ ሞተ። ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን በይፋ ያወጀው በዚሁ በ1622 ነው፤ የተከተለውን ደም መፋሰስ የማያውቅ የለም። በ1632 «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለ፤ አፄ ፋሲል ዙፋን ላይ እንደተቀመጡ ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ነው። እንግዲህ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው፣ ወይም ከአገር የተባረሩ ካህናት፣ የፋሲልን ግንብ እንዴት አድርገው ሠሩት?

ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ግንቦቹን የውጭ እጅ ምንም አልነካቸውም» ወደሚለው የሚዘሉም አሉ። እሱም ልክ አይደለም። በሱስንዮስ ዘመን ኖራ አቃጥሎ ድንጋይን በኖራ የማያያዝ ሙያ ከሕንድ በመጣ ባለሙያ አማካይነት ገባ፤ ቀደም ሲል ድንጋዩ የሚያያዘው በጭቃ ነበር። ሙያው ኢየሱሳውያኑ ሲሄዱ አብሮ አልሄደም፤ የአገሬው ግንበኛ እጅ ገብቶ ነበርና። በእኔ ፍርድ የጎንደርን ግንብ በትክክል ለመረዳት ከጎርጎራ መጀመር ይሻላል፤ ፋሲል ግቢ የሙያው ሁለተኛ ትውልድ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት የሚፈልግ ወደ ማርያም ግንብ፣ ወደዚያ ዘመን ሕንፃ ፍርስራሽ፣ ይሂድ። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት አለ፤ ፍርስራሹ ጎርጎራ ከተማ ውስጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም። በስተምዕራብ ባለው ልሳነ ምድር ላይ ነው፤ በእግር ደርሶ ለመመለስ ሙሉ ቀን መያዝ ያስፈልጋል፤ በጀልባ መሄድም ይቻላል። ከቆመው ግድግዳ ላይ የተጠረበ የድንጋይ አበባ ይታያል፤ ጠጋ ብሎ ላየው በድንጋዮቹ መካከል ኖራው አሁንም ነጭ ነው። በከተማው ኮረብታ ላይ የቆመው ሐውልት ደግሞ የነገሥታቱም የኢየሱሳውያኑም አይደለም፤ የጣሊያን ወረራ ዘመን ቅሪት ነው።

«ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም»

ደሴቶቹን ከየብሱ ጋር ከመቀላቀል የመጣ ነው። ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ሴት አይገባበትም። ደብረ ሲና ማርያም ግን በከተማው ዳር ያለች ናት፤ ሴትም ወንድም ይሳለማታል። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ተሸፍኗል፤ ያሣለችውም የሱስንዮስ ልጅ ወይዘሮ መለኮታዊት ናት። ወንዶች ብቻ ይገባሉ የሚባልበትን ደጅ ያስጌጠችው ሴት መሆኗ ያስፈግጋል። ነጠላ መያዝ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ መድረስ ብቻ ይበቃል።

«እምቦጭ ጨርሶታል፣ ምን ሊታይ?»

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጉዳቱ የማይካድ ነው፤ ዓሣ አጥማጁንም ከብት አርቢውንም አስለቅሷል። ይሁን እንጂ ሐይቁን በሙሉ አልሸፈነም። የበረታው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በመገጭ አፍ አካባቢና ከዚያ ወዲያ ነው፤ ነፋስም ከቦታ ቦታ ይነዳዋል። ደንገሉ አሁንም አለ፣ ታንኳውም ይሠራበታል። ከሥራ የተመለሰ ታንኳ ለጌጥ ብሎ የቆመ የሚመስለው ጎብኚ አለ፤ ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ አውጥቶ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።

«አዞው ይበላሃል»

ጣና ውስጥ አዞ የለም። ዳር ላይ ሾልኮ ሲገባ የሚያስደነግጠው አርጃኖ ነው። ሊፈራ የሚገባው ሌላ ነው፤ የማይታየው። «ገዳም የከበበው ውኃ አይጎዳም» እያሉ ዳር ላይ እግራቸውን የሚነክሩ አሉ፤ በረጋውና ልብስ በሚታጠብበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ በቀንድ አውጣ የሚተላለፈው ቢልሃርዚያ አለ። «የጎንደር ሰው ወባ አያውቅም» የሚለውም ከጎንደር ወርዶ ደምቢያ ሲገባ ያበቃል፤ ጎርጎራ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የወባ አገር ናት። ለሚያድር አጎበር ያስፈልገዋል።

ጉማሬ ግን አለ። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ የሚወጣበትም እኛ ቀን የተራመድንበት ዳርቻ ነው። ስለዚህ ከማርያም ግንብ በእግር የሚመለስ ሰው ከከሰዓቱ በጊዜ ይነሣ፤ የመንገዱን ሰላምም በዚያው ዕለት ጠዋት ከጎንደር ሳይነሣ ይጠይቅ።